ከሮም ለንደን ሲበሩ የሚያሳስቱ የሰዓትና የርቀት ስሌቶች

ሮምም ለንደንም ብዙ ሐበሻ አለ። ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለለቅሶ የሚመላለሰው ቀላል አይደለም። መንገዱ አጭር ስለሚመስል ግን ብዙ ሰው ሳያጣራ ይነሣል። እነዚህን ነገሮች ቀድሞ ማወቅ ከብዙ እንግልት ያድናል።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ዝም ብሎ መቀነስ

ትኬት ላይ መነሻውም መድረሻውም የሚጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። ለንደን ደግሞ ከሮም በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ከሮም 10:00 ተነሥቶ ለንደን 11:40 የሚገባ በረራ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ይመስላል። የሚፈጀው 2 ሰዓት ከ40 ነው። ሲመለሱ ተቃራኒው ይሆናል፤ ከለንደን 10:00 ተነሥቶ ሮም 13:30 የሚደርሰው የሚፈጅበት 3 ሰዓት ተኩል ሳይሆን 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ስለሚገፋም መመለሻው ብዙ ጊዜ ትንሽ ያጥራል።

«7 ሰዓት እደርሳለሁ» ብሎ መልእክት መላክ

እኛ ዘንድ ይሄ ብዙ ጣጣ ያመጣል። በአበሻ አቆጣጠር 7 ሰዓት ማለት 13:00 ነው። ለንደን ያደገችው የአክስት ልጅ ግን 07:00 ብላ ታነበውና ጎሕ ሳይቀድ መኪናዋን አስነሥታ ትወጣለች። 6 ሰዓት ሙሉ ትጠብቃለች ማለት ነው። ትኬቱን ፎቶ አንሥቶ መላክ ይሻላል።

ኪሎ ሜትሩን በአውሮፕላን ፍጥነት ማካፈል

በቀጥታ መስመር ርቀቱ 1,430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ግን ከ1,800 ያልፋል፤ ስለዚህ የመንገዱን ቁጥር ለበረራ አይጠቀሙ። ቀጥታውን ይዘው በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር ቢያካፍሉትም ከ1 ሰዓት ከ40 ብዙ አይበልጥም። የቀረው ጊዜ የት ገባ? አውሮፕላኑ ከበሩ ተነሥቶ ማኮብኮቢያው ድረስ ይጓዛል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ሲወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ ያነሰ ነው። ትልቁ የለንደን ኤርፖርት ሂትሮው ሁለት ማኮብኮቢያ ብቻ ስላለው በሥራ ሰዓት አየር ላይ እየዞሩ ተራ መጠበቅም የተለመደ ነው።

«ለንደን» የሚለውን ብቻ አይቶ ትኬት መቁረጥ

ርካሹ ትኬት አብዛኛውን ጊዜ ስታንስቴድ ወይም ሉተን ወደሚባሉት የለንደን ኤርፖርቶች ነው። ስታንስቴድ ከመሀል ከተማው 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ባቡሩ 50 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ዋጋውም ይከብዳል። ሮምም ፊውሚቺኖና ቻምፒኖ የሚባሉ ሁለት ኤርፖርቶች አሏት። በሌሊት የሚያርፉ ከሆነ ባቡር መኖሩን ቀድመው ይዩ።

የጣሊያን ወረቀት ለእንግሊዝም ይበቃል ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። እንግሊዝ ሸንገን ውስጥ፣ ማለትም በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ውስጥ አይደለችም። የኢትዮጵያ ፓስፖርትና የጣሊያን ሶጆርኖ (የመኖሪያ ፈቃድ) የያዘ ሰው ከሮም ፓሪስ እንደሚሄደው ለንደን አይገባም፤ የእንግሊዝ ቪዛ ያስፈልገዋል። ቪዛ ከሌለው ገና ሮም ኤርፖርት ላይ ይመለሳል፣ የትኬቱም ገንዘብ ይቀልጣል። ቪዛው ሳይወጣ ትኬት አይግዙ። ወረቀት የተሟላለትም ሰው ፓስፖርት የሚታይባቸው ሰልፎች ስላሉ ከበረራው ቢያንስ 2 ሰዓት ተኩል ቀድሞ ኤርፖርት ይድረስ።