ከምርቃት በኋላ በጅማ ሥራ እንዴት ይፈለጋል? የመጀመሪያውስ ሥራ እንዴት ይመረጣል?

ከተመረቅሁ በኋላ አሥራ አራት ወር የሠራሁበት ድርጅት የጻፈልኝን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ለመመዝገብ ሄድሁ። መዝጋቢዋ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ገለበጠችና ከጀርባው ምንም አለመኖሩን አየች። «የሥራ ግብር ስለ መከፈሉ አይገልጽም» ብላ መለሰችልኝ። አሠሪዬ ግብሩን አልከፈለም ነበር፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም። አሥራ አራቱ ወር እንዳልነበረ ሆነ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታናናሾቼ «የትኛውን ሥራ ልያዝ?» ሲሉኝ ከደመወዙም ከመሥሪያ ቤቱ ስምም በፊት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ፤ ከዚህ ሥራ ስትወጡ እጃችሁ ላይ ምን ይቀራል? ሙያ ይቀራል? ሙያውን የሚመሰክር ወረቀትስ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ የተነሣ ነው።

1. ወረቀቶቻችሁ እርስ በርሳቸው ይስማሙ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናን 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ሳያመጡ ዲግሪ የለም። በጤና መስክ የተመረቃችሁ ደግሞ ከዚያ ላይ የጤና ሚኒስቴርን የሙያ ፈቃድ ምዘና ማለፍ አለባችሁ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳውን እስኪጨርስ ዋናው ዲግሪ ስለማይሰጠው፣ ሥራ የሚፈለገው በጊዜያዊ ማስረጃው ነው፤ ሁላችንም «ቴምፖ» የምንለው። ይህን አሠሪዎች ስለሚያውቁት አትሸማቀቁበት።

የሚያሸማቅቀው ሌላ ነው፤ ስም። የከተማችን ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቸገሩበት ስለሆነ ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። የቀበሌ መታወቂያ ስምን በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል ሥርዓት ሲጽፍ የሚጠብቀውን ፊደል ይደግማል፤ ዩኒቨርሲቲው በእንግሊዝኛ ልማድ አንድ ጊዜ ብቻ ይጽፈዋል። «አባ» የሚለው ስም በአንዱ ሰነድ ሁለት «ቢ» ይዞ በሌላው አንድ «ቢ» ይዞ ይገኛል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማስረጃ፣ ቴምፖው፣ ፋይዳው፣ የባንክ ደብተሩና የቀበሌው መታወቂያ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ፤ የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ፊደል በፊደል አወዳድሩ። ልዩነት ካለ የምታስተካክሉት አሁን ነው፤ ሬጅስትራሩ ቅርባችሁ ሳለ። ሥራ ተገኝቶ «አምስት ቀን ውስጥ አሟልተህ ቅረብ» ሲባል ከቀበሌ ሬጅስትራር መመላለስ የሚሆን አይደለም።

ከዚያ ሁሉንም ስካን አስደርጉና በስልካችሁም በኢሜይላችሁም አስቀምጡ። የጅማ ዝናብ ለቴምፖ አይራራም።

2. ሲቪው ላይ የሠራችሁትን ጻፉ

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ሲቪ ሳይ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስቆጨኛል። ዩኒቨርሲቲው በ1992 ዓ.ም. የግብርና ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋህደው ከተመሠረተ ጀምሮ መለያው ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት ነው። ተማሪው በየዓመቱ ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ ይወጣል፤ በር ያንኳኳል፣ መጠይቅ ያስሞላል፣ መረጃ ይተነትናል፣ ችግር ለይቶ ዕቅድ ያወጣል። ከዚያ ሲቪው ላይ ይህ ሁሉ «ሲቢቲፒ ተሳትፌአለሁ» በሚል አንድ መስመር ይቀበራል፤ ያውም ከጅማ ውጭ ማንም በማያውቀው የማኅበረሰብ አቀፍ ሥልጠናው የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል።

እንዲህ ይጻፍ፦ «ከስምንት ተማሪዎች ጋር በአንድ ቀበሌ 180 ቤቶችን በመጠይቅ አዳርሰናል፤ የመረጃ ማስገባቱንና ትንተናውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ውጤቱን ለቀበሌው አስተዳደር አቅርበናል።» ቁጥሩን በራሳችሁ እውነተኛ ቁጥር ተኩት። እንዲህ ሲጻፍ «ዜሮ ዓመት ልምድ» ያለው ልጅ የመስክ ሥራ የሚያውቅ ሰው ሆኖ ይታያል። ጥናት የሚያካሂዱ ድርጅቶች መረጃ ሰብሳቢ ሲፈልጉ የሚያዩት ይህንኑ ነው።

የቀረውን አጭር አድርጉት። ሁለት ገጽ ይበቃል። «ታታሪ፣ ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል» የሚለውን ሐረግ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር የቀዳችሁት እንደሆነ አንባቢው ያውቃል፤ ሰውዬው ያንኑ ሐረግ በዚያው ጠዋት አርባ ጊዜ አንብቦታል።

3. ማስታወቂያውን እንደ ውል አንብቡት

«ተከታታይ 10 ቀናት» እና «10 ተከታታይ የሥራ ቀናት» አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው እሑድንም ይቆጥራል። ቆጠራው የሚጀምረውም ማስታወቂያው ከወጣበት ቀን እንጂ እናንተ ቴሌግራም ላይ ካያችሁበት ቀን አይደለም። በጋዜጣ የወጣ ማስታወቂያ ፎቶ ተነሥቶ፣ ተላልፎ፣ እኛ ዘንድ ሲደርስ አንዳንዴ ግማሹ ጊዜ አልፏል። «በአካል ቀርቦ» ካለ ደግሞ ምዝገባው የት እንደሆነ መጀመሪያ እዩ። አዲስ አበባ ከሆነ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በወኪል መመዝገብ ይቻል እንደሆነ ደውላችሁ ጠይቁና እዚያ ያለ ዘመድ ይሂድላችሁ።

የቋንቋውን መስመር አትዝለሉት። በጅማ የከተማና የዞን መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ብዙዎቻችን ገበያ ላይ እንግባባበታለን፤ በገበያ አፋን ኦሮሞ ግን ማመልከቻ አይጻፍም፣ ቃለ ጉባኤ አይያዝም። ጅማ ለመኖር የቆረጠ ሰው ሥራ በሚፈልግባቸው ወራት በቁቤ መጻፍ ቢለማመድ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጥ ይጠቅመዋል። ባንኮች፣ ኢትዮ ቴሌኮምና ሌሎች የፌዴራል ተቋማት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚሠሩ ሰው ሁሉ ወደነሱ ይሮጣል፤ ሰልፉ የረዘመውም ለዚህ ነው።

የመመዝገቢያ፣ የፎርም ወይም የ«ሥልጠና» ገንዘብ አስቀድማችሁ በስልክ ላኩ የሚል ማስታወቂያ ሥራ የለውም። አጥፉት።

4. የቡና ወቅትን አትለፉት

ይህን ክፍል የምጽፈው በአድልዎ ነው፤ የቡና አገር ልጅ ነኝ። ሐምሌ ላይ የተመረቀ ሰው መስከረም አልፎ ሥራ ባያገኝ ተስፋ ይቆርጣል፤ በዞኑ ሥራ የሚፈላው ግን የዚያን ጊዜ ነው። እሸት ቡና ደርሶ ጎማ፣ ማና፣ ሊሙ ኮሳና ጌራ ውስጥ ያሉ ማጠቢያ ጣቢያዎች ሲከፈቱ ሚዛን ላይ የሚቆም፣ የገበሬውን ሒሳብ የሚይዝ፣ ግምጃ ቤት የሚጠብቅ፣ ጥራት የሚቆጣጠር ሰው ያስፈልጋል። ሥራው የጥቂት ወራት ነው፤ ሌሊት ይሠራል፤ ጭቃ አለው።

አካውንቲንግ የተማረ ሰው ግን እዚያ የሚያየውን በቢሮ ሁለት ዓመት አያየውም። ምሽት ላይ ገበሬው በተራ ይመጣል፤ ጆንያው ይመዘናል፤ ኪሎው ካርኒ ላይ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል። ሌሊቱን ቡናው ይፈለፈላል። ጠዋት የካርኒው ድምር፣ የወጣው ገንዘብና የገባው እሸት ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ዝም ተብሎ አይታለፍም፤ የሚጠየቀው ሰው እናንተ ናችሁ። በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ «የገጠመህን ችግር ንገረን» ሲባል የሚነገር ታሪክ ከዚህ በላይ የለም። ግብርና ለተማሩት ደግሞ በሩ ሰፊ ነው፤ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖቹ አሉ፣ ላኪዎቹ አሉ፣ የመልኮው የግብርና ምርምር ማዕከልም ቅርብ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ ማስታወቂያ መጠበቅ አይጠቅምም፤ ብዙው በሰው በሰው ስለሚያዝ ነሐሴ ላይ በአካል ሄዶ መጠየቅ ነው።

5. ፈተናና ቃለ መጠይቅ

ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛና የማመዛዘን ጥያቄ የያዘ የጽሑፍ ፈተና ይሰጣሉ፤ ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ። ጥሪው በአጭር መልእክት፣ አንዳንዴም በሁለት ቀን ልዩነት ስለሚመጣ የመንገድ ገንዘብ ለብቻ ይቀመጥ። ሁለተኛ ስልክ ቁጥርም ስጡ፤ መልእክት ማንበብ የሚችል የቤተሰብ ሰው ስልክ።

6. ዋስ

ፈተናውን ያለፈ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ይህ ነው። ገንዘብ ወይም ንብረት የምትይዙበት ሥራ ዋስ ይጠይቃል፤ ዋሱም ደመወዝተኛ እንዲሆንና ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲያመጣ ይፈለጋል። አንዱን ሰው አስቀድሞ የዋሰ ሰው ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም። ስለዚህ ዋስ የሚፈለገው ሥራው ከተገኘ በኋላ አይደለም፤ ማመልከት ስትጀምሩ ነው።

እኔ የሄድኩት ጎረቤታችን ወደነበሩ መምህር ነው። በስልክ አልጠየቅኋቸውም፤ እናቴ «ይህ በስልክ አይጠየቅም» ብላ ከልክላኛለች። ቡናው እስኪደርስ ስለ ሌላ ሌላ ነገር አወራን። በመጨረሻ «ጋሼ፣ ዋስ ይሁኑኝ» አልኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ አንተን አምንሃለሁ፤ ወረቀቱን ግን ላየው» አሉኝ።

ትክክል ነበሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት የዋስትና ውል አይጸናም። ስለዚህ ዋስ ልትሉት ወዳሰባችሁት ሰው ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን አትሂዱ፤ ፎርሙን ይዛችሁ፣ መጠኑ የቱ ላይ እንደተጻፈ አሳዩት። እምቢ ቢላችሁ አትቀየሙ፤ ልጆች አሉት።

7. ከመፈረም በፊት

በግል ድርጅት የሚቀጠር ሰው የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜው ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት። «እኛ እንደ ቤተሰብ ነው የምንሠራው» የሚል አሠሪ ሲገጥማችሁ ይህን አንቀጽ አስታውሱት፤ ቤተሰብ ደመወዝ አይቆርጥም።

ደመወዝ ሲነገራችሁ ሒሳቡን እዚያው ሥሩ። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት የሥራ ግብር ስሌት የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ነው። 10,000 ብር ቢባል፣ ከቀጣዩ 2,000 ላይ 15 በመቶ፣ ከዚያ ካለው 3,000 ላይ 20፣ ከመጨረሻው 3,000 ላይ 25 በመቶ ሲታሰብ ግብሩ 1,650 ብር ይመጣል። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 700 ብር ነው። እጅ የሚገባው 7,650 ብር ነው፤ የወጪ መጋራቱ ተቀናሽ ሳይነካው። አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ጡረታ ይጨምራል።

አንዱ «ያልተጣራ 10,000»፣ ሌላው «የተጣራ 8,000፣ ግን ግብርና ጡረታ የለም» ቢላችሁ ሁለተኛው ይማርካል። እኔ የያዝሁት ሁለተኛውን ነበር። መጨረሻውን ከላይ ነግሬአችኋለሁ።

8. አዲስ አበባ ወይስ ጅማ?

ሁሉም የሚጠይቀው ይህን ነው፤ ለሁሉም የሚሆን መልስ የለኝም። ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ለመግባት የምትፈልግ ልጅ አዲስ አበባ ብትሄድ አይፈረድባትም። የማልስማማው ሥራ ሳይኖር «እዚያ ሆኜ ልፈልግ» ብሎ አጎት ቤት መግባትን ነው። በሦስተኛው ወር አጎት ምንም ባይልም እንኳ እንግዳው ራሱ ወጥ ሲጨለፍለት ዓይኑን ይሰብራል። እንዲህ የተሸማቀቀ ሰው ደግሞ የቀረበለትን የመጀመሪያ ሥራ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ይይዛል። ጅማ ቤተሰብ ቤት ሆኖ፣ በየሳምንቱ ሁለትና ሦስት ማመልከቻ እየላኩ፣ ለፈተና ብቻ መሄድ ይሻላል።

ባንክ ሩቅ ወረዳ ቢመድባችሁ ሒዱ። ትንሽ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ ስለሚሠራ ይማራል። ሁለተኛ ዲግሪ ግን ሥራ ስለጠፋ ብቻ አትጀምሩ፤ ልምድ የሌለው ማስተርስ ለጀማሪ ቦታ ሲወዳደር አሠሪው «ይህ አይቆይም» ብሎ ያልፈዋል።

9. ስትለቁ

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያውን በጽሑፍ ስጡ፤ በቀሪው ኮፒ ላይ የተቀበለው ሰው ፈርሞ ቀን ይጻፍበት። ንብረት አስረክቡ፤ ክሊራንስ አስፈርሙ። አሠሪው ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ቢሮውን ለቅቃችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ደብዳቤውን ቁማችሁ አንብቡት፦ ስሙ ከቴምፖው ጋር ይስማማል? ቀኑ ከመቼ እስከ መቼ ይላል? የሥራ መደቡ በትክክል ተጽፏል? ማኅተሙ ይነበባል? የሥራ ግብር መከፈሉን የሚገልጸው ዐረፍተ ነገር አለ? ከሌለ ጸሐፊዋ ኮምፒውተሩን ሳታጠፋ ተመለሱና አስጨምሩት።