ለታመመ ሰው ደብዳቤ እንዴት ይጻፋል?

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሕክምና የሄደን ሰው በየሳምንቱ ሄዶ መጠየቅ ለብዙዎቻችን አይሆንም። ስልክ ብንደውል ደክሞት፣ ተኝቶም ይሆናል። ደብዳቤ ግን እሱ ሲመቸው ይነበባል።

አጀማመሩ ላይ ተጠንቀቁ። የለመድነው «ለጤናህ እንደምን አለህ? እኔ ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» እዚህ አይሆንም። መታመሙን እያወቅን የራሳችንን ደህንነት ማስቀደም ደስ አይልም። በቀጥታ ግቡ፦ «እትዬ፣ መታመምዎን ከሰማሁ ወዲህ ከሐሳቤ አልወጡም።» በቃ።

ቀጥሎ የቤትና የሰፈር ወሬ ጻፉ። ዋናው ይሄ ነው፤ አትሰስቱ። አልጋ ላይ የዋለ ሰው ሲሰማ የሚውለው ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ ነው። እናንተ ሰፈሩን ውሰዱለት። ጊዜው ጥቅምት ከሆነ እንዲህ በሉ፦ «ከኩሽናው ጀርባ ያለው ቡናዎ ቀልቷል። ልጆቹ የደረሱበትን ለቅመው ጨረሱ። የላዩን ቅርንጫፍ እኔ ጎንበስ አድርጌ ያዝኩላቸው። አዌቱ ወንዝም ጎድሏል፣ የበራችሁ ጭቃ ደርቋል።» «ሁሉም ሰላም ነው» ከማለት ይሄ ስንት እጥፍ ይሻላል!

«እገሌንም ይሄው ሕመም ነበር የጣለው» የሚለውን ተዉት። «ጥቁር አዝሙድ በማር ሞክሪ» ማለትም ይቅር፤ ሐኪም አላት። «የሚያስፈልግሽ ነገር ካለ ንገሪኝ» ማለት ደግሞ ለደከመ ሰው ሌላ ሥራ ነው። የምታደርጉትን ቁርጥ አድርጋችሁ ጻፉ፦ «ልጆቹን ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት ቤት የማመጣቸው እኔ ነኝ።» የማትችሉትን ግን ቃል አትግቡ።

ምርቃቱ እንደ ሰውየው እምነት ይሁን። እኛ ጋ ጎረቤት ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው፤ ለአንዱ «እግዚአብሔር ይማርዎት»፣ ለሌላው «አላህ ያሽርዎት» ይባላል። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ከሆነና እናንተም ከቻላችሁ፣ በኦሮምኛ ጻፉለት። የሕመም ጊዜ የእናት ቋንቋ ልብ ይገባል።

መጨረሻ ላይ «መልስ ልጻፍ ብለው አይጨነቁ፣ ይረፉ» በሉ። ከአንድ ገጽ አይለፍ፣ ፊደሉም ጎላ ይበል። ብዙ ጊዜ የሚያነብለት አስታማሚው ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ፊት የማይነበብ ነገር አታስገቡ።

በሰው እጅ የምትልኩ ከሆነ ፖስታው ላይ የሕመምተኛውን ሙሉ ስም፣ የተኛበትን ክፍልና የአስታማሚውን ስልክ ጻፉ። የጠዋት አውቶቡስ በሌሊት ነው የሚነሳው፤ ለመንገደኛው ማታውኑ አድርሱለት።