የተረት ዓለም የዕቃ ፍለጋ ጌም ከመግዛታችሁ በፊት፦ የተጫዋቾችን አስተያየት እንዴት ማንበብ ይቻላል?

አንዱ «በጣም አጭር ነው፣ ገንዘቤን በላው» ብሎ ይጽፋል። ሁለት መስመር ወረድ ብሎ ሌላው ስለዚያው ጌም «ከሥራ መልስ ለሁለት ምሽት ልክ የሚበቃ» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ ሰዓት በዋጋ እያካፈለ ነው፣ ሌላው ድካሙን ሊያወጣ ፈልጓል። ስለዚህ የሂደን ኦብጀክት ጌም አስተያየት ስታነቡ መጀመሪያ መፈለግ ያለባችሁ ጸሐፊው ምን እየለካ እንደሆነ ነው፤ ጌሙ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» መባሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ለአዲስ ገቢ፦ ሂደን ኦብጀክት ማለት በዝርክርክ ዕቃ በተሞላ ሥዕል ውስጥ የተጠየቃችሁትን ዕቃ እያያችሁ ክሊክ የምታደርጉበት ጌም ነው። ዘርፉን በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የቢግ ፊሽ «ሚስትሪ ኬዝ ፋይልስ፦ ሃንትስቪል» ነው። ያኔ ዕቃ መፈለግ ብቻውን ጌም ነበር። ቆይቶ ታሪክ፣ ከቦታ ቦታ መዘዋወርና በየመሀሉ የሚመጡ እንቆቅልሾች ተጨመሩበት። ተረትን ከዚህ ጋር ካዋሃዱት ተከታታዮች መካከል «ዳርክ ፓራብልስ» በደንብ ይታወቃል፤ የመጀመሪያው ክፍል «ከርስ ኦፍ ብራየር ሮዝ» እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፣ ሠሪው ብሉ ቲ ጌምስ፣ አሳታሚው ቢግ ፊሽ። ተጫዋቹ መርማሪ ሆኖ እሾህ ወደ ዋጠው ቤተ መንግሥት ይገባል። በሁለተኛው ክፍል የእንቁራሪቱ ልዑል፣ በሦስተኛው ደግሞ የበረዶዋ ንግሥትና የስኖው ዋይት ተረት ተቀላቅለው ይመጣሉ። ከዚህ በታች ለምሳሌ የምንመለስበት ይህን ተከታታይ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሩን በትክክል አንብቡት። የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ላይ ተጫዋች የሚመርጠው «እመክራለሁ» ወይም «አልመክርም» ብቻ ነው፤ መካከለኛ የለም። ስለዚህ 90% ማለት ከአሥር ሰው ዘጠኙ ይመክሩታል ማለት ነው እንጂ ጌሙ ከአሥር ዘጠኝ አገኘ ማለት አይደለም። «ደህና ነው፣ በቅናሽ ግዙት» ያለውም «ሕይወቴን የቀየረ» ያለውም እኩል አንድ ድምፅ ናቸው። «ቬሪ ፖዚቲቭ» የሚለው ምልክት ከ80% ይጀምራል፣ «ሚክስድ» ከ40 እስከ 69% ያለው ነው። በዚህ ዘርፍ የሚገዛው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ዘርፉን ቀድሞ የሚወድ ስለሆነ ውጤቱ ከፍ ማለቱ አያስደንቅም። እንዲያውም ሚክስድ የሆነ የዕቃ ፍለጋ ጌም ካያችሁ አንድ ከባድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ቴክኒኩ ነው፣ ወይ አይከፈትም ወይ መሀል ላይ ይቆማል።

ከእያንዳንዱ አስተያየት አጠገብ የተጫወቱበት ሰዓት ተጽፏል። 0.4 ሰዓት ተጫውቶ ስለ መጨረሻው ታሪክ የሚተች ሰው እለፉት። 11 ሰዓት የሚልም ካያችሁ ጌሙ ረጅም ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ቆጣሪው ጌሙ ተከፍቶ የቆየበትን ሁሉ ይቆጥራል፣ ሰውየው ቡና ሲያፈላም ጭምር። የዚህ ዓይነት ጌም ዋናው ታሪክ በተለመደው ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው። ብዙ አስተያየት ሰጪዎች ከዚያ በታች የሚያሳዩ ከሆነ «አጭር ነው» የሚለው ቅሬታ እውነት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዎቹ። አንድ ሙገሳ ከምታነቡ ሦስት ቅሬታ ብታነቡ ይሻላል፤ ሙገሳ ሁሉ «ሥዕሉ ያምራል» ነው፣ ሥዕሉ ደግሞ ከማስታወቂያው ፎቶ ይታያል።

«እየተመላለስኩ ደከመኝ» የሚለው በብዛት የሚመጣ ነው። ቁልፉን ዘጠነኛው ቦታ ላይ አግኝታችሁ በሩ ሁለተኛው ቦታ ላይ ሲሆን ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚወስነው ካርታው ነው። ካርታው ላይ ክሊክ ስታደርጉ ወደ ቦታው በቀጥታ የሚዘልና ሥራ ያለበትን ቦታ በምልክት የሚያሳይ ከሆነ ምልልሱ ሁለት ክሊክ ነው። ካርታ ከሌለ ወይም ለማየት ብቻ ከሆነ ቅሬታው ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነው። በአስተያየቶቹ መካከል «ካርታ» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ቅሬታ አቅራቢው ራሱ ካርታውን ሳያየው የጨረሰበት ጊዜም አለ፤ ወይም ምልክቶቹ በሚጠፉበት ከባድ ደረጃ ተጫውቷል።

«ሂንቱ (ሲቸግራችሁ ፍንጭ የሚሰጠው ቁልፍ) አይረባም» ሲባል ሰውየው በየትኛው ደረጃ እንደተጫወተ ጠይቁ። በቀላሉ ደረጃ ሂንት ከተጠቀማችሁ በኋላ ቶሎ ይሞላል፣ ክሊክ የሚደረግበት ቦታም ብልጭ ይላል። በከባዱ አሞላሉ ይዘገያል፣ ብልጭታው ይጠፋል፣ አንዳንዱ ላይ ሂንቱም እንቆቅልሹን የሚያዘልለው ስኪፑም ጨርሶ የለም። እውነተኛው ጉድለት ሌላ ነው፦ ከፍለጋው ሥዕል ውጭ ሆናችሁ ሂንት ስትጫኑ «እዚህ የሚሠራ ነገር የለም» ብሎ ዝም የሚል ጌም። ደህና የተሠራው ቀጣዩ ሥራ ወዳለበት አቅጣጫ ቀስት ያሳያችኋል።

«ዕቃዎቹ አይታዩም» የሚለው ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። አንደኛ፣ ዕቃው በጥላ ውስጥ እስኪጠፋ ድረስ ጠቁሮ የተሣለ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሠሪው ጥፋት ነው። ሁለተኛ፣ ሰውየው በስልክ ተጫውቷል፤ ስክሪኑን በሁለት ጣት ማጉላት የማይቻልበት ጌም ስልክ ላይ ዓይን ያጠፋል። ሦስተኛው ለእኛ አንባቢ ይበልጥ የሚገባው ነው፦ የዝርዝሩ ቃል አሻሚ ነው። እንግሊዝኛው «ባው» ሲል ቀስት መወርወሪያው ወይስ ከሪባን የታሰረው ጌጥ? «ክሬን» ወፉ ነው ወይስ ዕቃ ማንሻው? «ኔይል» ምስማር ነው ወይስ ጥፍር? የቃላት ዝርዝር ያለበት ጌም ላይ እንግሊዝኛ ለሚያውቀውም ይህ አለ፤ በአማርኛ የተተረጎመ ጌም ደግሞ ለማግኘት ይከብዳል። ዝም ብሎ እዚህም እዚያም መጫንም አያዋጣም፤ ብዙዎቹ ተከታታይ የስህተት ክሊክ ሲያዩ ከርሰሩን ለጥቂት ሰከንድ ያግዱታል።

መፍትሔው በአስተያየቶቹ ውስጥ የፍለጋውን ዓይነት የሚገልጸውን ቃል መፈለግ ነው። «ዳርክ ፓራብልስ» የሚታወቀው በስብርባሪ ፍለጋ ነው፦ ከታች የቃል ዝርዝር ሳይሆን የአንድ ዕቃ ቁርጥራጮች ቅርጽ ይታያል፣ ቁርጥራጮቹን ከሥዕሉ ውስጥ ትለቅማላችሁ፣ ሁሉም ሲገኙ ተገጣጥመው አንድ ዕቃ ይሆናሉ፤ ለምሳሌ ለተዘጋ በር የሚሆን ጌጠኛ ምልክት። ቃል አይጠይቅም። ስለዚህ አንድ አስተያየት ሰጪ «ስብርባሪ ብቻ ነው፣ ዝርዝር የለውም» ብሎ ሲያማርር እንግሊዝኛው ለሚያስቸግረው ሰው ይህ ሙገሳ ነው። በቅርጽ ጥላ ወይም በሥዕል የሚጠይቁ ጌሞችም ልክ እንደዚሁ ይሠራሉ። በኛ ግምት ለእናት፣ ለአባት ወይም ለትንሽ ልጅ ጌም የሚመርጥ ሰው ከታሪኩ በፊት ይህን ማየት አለበት።

ዕቃ ፍለጋ የሚሰለቸው ሰው ደግሞ «አማራጭ አለው?» ብሎ ይፈትሽ። የአርቲፌክስ ሙንዲው «ናይትሜርስ ፍሮም ዘ ዲፕ» የመጀመሪያ ክፍል ለምሳሌ ከፍለጋው ፋንታ ማህጆንግ እንድትጫወቱ ይፈቅዳል።

«ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» የሚለው እውነት ነው፣ ግን ጥቅም የለውም። ድልድይ ይሰበራል፣ አንድ ሰው ይጠለፋል፣ ካባ የለበሰ ክፉ ሰው በጭስ ይሰወራል። ይህን የማይወድ ሰው ዘርፉን አይወድም። ይልቅ ትኩረት የሚሻው «ታሪኩ አላለቀም» የሚለው ነው፤ እሱ የሚያመለክተው የእትሙን ጉዳይ ነው።

እነዚህ ጌሞች ብዙ ጊዜ በሁለት እትም ይወጣሉ። ኮሌክተርስ ኤዲሽን ቀድሞ፣ በውድ ዋጋ ይመጣል፤ ተጨማሪ ምዕራፍ፣ አብሮ የተሰጠ የመፍትሔ መመሪያ፣ ሙዚቃና የግድግዳ ሥዕል አለው። ስታንዳርዱ ቆይቶ በርካሽ ይመጣል፣ ዋናው ታሪክ ብቻ ነው። ተጨማሪው ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ነው፤ ለእሱ ብሎ ልዩነቱን መክፈል እምብዛም አያዋጣም። አንድ ሁኔታ ብቻ ይለያል፦ ብዙ ሰው «መጨረሻው ተቆርጦ ወደ ተጨማሪው ምዕራፍ ሄዷል» ካለ። ያን ጊዜ ወይ ኮሌክተርሱን ግዙ ወይ ጌሙን ተዉት፤ ስታንዳርዱን ገዝቶ ተጨማሪውን ምዕራፍ ብቻ በኋላ መጨመር አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም፣ ሙሉውን እንደገና መግዛት ይሆናል። የመፍትሔ መመሪያ አለው ብላችሁም ኮሌክተርስ አትግዙ፤ የአብዛኞቹ መፍትሔ በቪዲዮ በነፃ ይገኛል።

የኮምፒውተር ጉዳይ በአጭሩ፦ በ2010 አካባቢ የወጡት በርካቶቹ የተሠሩት ለ1024 በ768 ስክሪን ነው። በሰፊ ስክሪን ላይ ሰው ሁሉ ተለጥጦ ወፍሮ ከታየ ከማስተካከያው ውስጥ ሰፊ ስክሪን የሚለውን አብሩ ወይም አጥፉ፤ ከሌለ በመስኮት ተጫወቱ። ማክ ያላችሁ የአስተያየቱን ቀን እዩ። ካታሊና ከተባለው የእ.ኤ.አ. 2019 የማክ ሥርዓተ ክወና ጀምሮ ማክ የድሮውን ባለ 32 ቢት ፕሮግራም አይከፍትም፤ ስለዚህ የ2014 «ማክ ላይ ግሩም ይሠራል» ዛሬ ዋስትና አይሆንም።

አስተያየት ካነበባችሁ በኋላ በሙከራው ላይ ራሳችሁ አረጋግጡ። ቢግ ፊሽ አንድ ሰዓት በነፃ በማስሞከር ይታወቃል፤ በስልክ የሚመጡት ብዙዎቹ መግቢያውን በነፃ ከፍተው ቀሪውን በአንድ ጊዜ ክፍያ ያስከፍታሉ። ስቲም ላይ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ገንዘቡን መጠየቅ ይቻላል፤ ግን አራት ሰዓት ለሚፈጅ ጌም ሁለት ሰዓት ግማሹ መሆኑን አትርሱ፣ ከ40 ደቂቃ በላይ አታመንቱ።

ሙከራውን እንዲህ ተጠቀሙበት። መግቢያ ፊልሙን አትዝለሉት፤ ድምፁና የትወናው ደረጃ እስከ መጨረሻው ያው ነው፣ ያኔ ያናደዳችሁ ተራኪ በሦስተኛው ሰዓት ይብሳል። በመካከለኛ ደረጃ ጀምሩ። የመጀመሪያውን የፍለጋ ሥዕል ያለ ሂንት ሞክሩ፤ ሦስት ዕቃ ፈልጋችሁ ካጣችሁና ሂንቱ ሲያሳያችሁ «እንዴት ልየው ነበር?» ካላችሁ ሥዕሉ ጥፋተኛ ነው፤ «አይ፣ ፊቴ ነበር» ካላችሁ ጥሩ ጌም ነው። በዝርዝሩ ውስጥ በተለየ ቀለም የተጻፈ ቃል ካለ ዕቃው እንዲሁ አይታይም፤ መጀመሪያ መሳቢያ መክፈት ወይም ሁለት ነገር ማገናኘት ይፈልጋል። ይህን ያላወቀ ሰው ነው ብዙ ጊዜ «ጌሙ ተበላሽቷል» ብሎ የሚጽፈው። ቀጥሎ የመጀመሪያውን እንቆቅልሽ አይታችሁ የስኪፑ ቁልፍ እስኪሞላ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ልብ በሉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወደ አንድ የፍለጋ ሥዕል ሁለተኛ ጊዜ ተመልሳችሁ እንደሆነ አስቡ፤ ዕቃዎቹ ቦታ ሳይቀይሩ ያንኑ ሥዕል መድገም የርካሽ አሠራር ምልክት ነው። ከመውጣታችሁ በፊት በዋናው ማውጫ በኩል ውጡ፤ መስኮቱን በኃይል መዝጋት የመጨረሻውን ሴቭ ሊያጠፋ ይችላል። ስልክ ላይ ደግሞ ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ አፑን ካጠፋችሁት የደረሳችሁበትም አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

ጨርሳችሁ የራሳችሁን አስተያየት ስትጽፉ አምስት ነገር አስገቡ፦ የተጫወታችሁበትን ደረጃ፣ ያለ ተጨማሪው ምዕራፍ የፈጀባችሁን ሰዓት፣ ፍለጋው በቃል ይሁን በሥዕል፣ ካርታው ይዝለል አይዝለል፣ እና ኮምፒውተራችሁን ወይም ስልካችሁን። «በመካከለኛ ደረጃ 3 ሰዓት ተኩል፣ አብዛኛው ስብርባሪ ፍለጋ፣ ካርታው ይዘልላል፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ችግር አልነበረውም፣ መጨረሻው ተጣድፏል» የሚል አንድ መስመር ከሁለት ገጽ ሙገሳ ይበልጣል። የመጨረሻውን ክፉ ሰው ማንነት አትጻፉ። በአማርኛ ስትጽፉ የደረጃውንና የእትሙን ስም በጌሙ ላይ እንደሚነበበው ጻፉት፣ ሌላው ፈልጎ እንዲያገኘው። ስቲም ላይ የጻፋችሁትን በኋላ ማረም ይቻላል፤ ያማረራችሁበት ብልሽት በአፕዴት ከተስተካከለ ተመልሳችሁ አርሙት።