ዶክዩመንቴሽን ስታወጡ ተጠንቀቁ፦ ፐብሊክና ፕራይቬት የሚደበላለቅባቸው ስህተቶች

ኮዱ ኮምፓይል ሆነ ቴስቱም አለፈ ማለት ለውጪ ሰው መከፈት ያለበት (ፐብሊኩ) ተከፍቷል፣ የውስጥ ብቻ የሆነው (ፕራይቬቱ) ተዘግቷል ማለት አይደለም። በተለይ ራስት በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ላይ ዩኒት ቴስቱ (ትንንሽ የኮድ ክፍሎችን የሚፈትነው) እዛው ሞጁሉ (የኮዱ ክፍል) ውስጥ ስለሚፃፍ ፕራይቬቱንም ያያል፣ ስለዚ ምንም አይነግራችሁም። እዚ ጅማ የኮድ ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራመር የሚጠቀምበት ኮድ) የሚሰሩ ልጆች ኮድ ላይ ደጋግሜ የማያቸውን ልንገራችሁ።

አንደኛውና ዋናው፣ ከኮዱ የወጣውን የዶክዩመንቴሽን ገፅ ከፍቶ አለማየት። የቡና ርክክብ የሚመዘግብ ላይብረሪ እንበል፣ ሚዛኑን አንብቦ "የክብደት ውጤት" የሚባል ስትራክት (ዳታ በአንድ ላይ የሚይዝ ታይፕ) የሚመልስ ፐብሊክ ፈንክሽን አለው፣ ስትራክቱም ፐብሊክ ነው ግን የተቀመጠው ፕራይቬት ሞጁል ውስጥ ነው፣ በፐብ ዩዝ (pub use፣ የውስጡን ስም ለውጪ የሚከፍት መስመር) ወደ ውጪ ያወጣውም የለም። ኮምፓይለሩ ዝም ይላል! ካርጎ ዶክ (cargo doc፣ የራስት ዶክዩመንቴሽን ገፅ የሚያወጣው ትእዛዝ) ስታስሮጡ ግን ፈንክሽኑ ገፁ ላይ አለ፣ የሚመልሰው ታይፕ ስም ላይ ሊንክ የለም፣ ብትነኩት የትም አይወስዳችሁም። ይሄ ማለት ተጠቃሚው ውጤቱን ይቀበላል እንጂ የታይፑን ስም የራሱ ኮድ ላይ መፃፍ አይችልም። ማስተካከያው አንድ መስመር ፐብ ዩዝ ነው። ደሞ ዲፔንደንሲዎቹ (ኮዳችሁ የሚጠቀማቸው ሌሎች ላይብረሪዎች) አንዴ ከወረዱ ካርጎ ዶክ ኔትወርክ ቢጠፋም ይሰራል፣ ሰበብ የለም።

ሁለተኛ፣ ፕራይቬቱንም አሳይ የሚለውን ኦፕሽን ሁሌ በርቶ መተው። የጃቫው ዶክዩመንቴሽን አውጪ ጃቫዶክ እንደ ዲፎልት ፐብሊክና ፕሮቴክትድ (ለወራሽ ክላሶችም የተከፈተ) ብቻ ነው የሚያሳየው፣ እሱን ነው ማየት ያለባችሁ፣ ተጠቃሚው የሚያየው እሱን ነዋ። ዶክሲጅን በሚባለው ዶክዩመንቴሽን አውጪ ላይም ኤክስትራክት ኦል (EXTRACT_ALL፣ ሁሉንም አውጣ የሚለው ኦፕሽን) የስ ከሆነ ዶክዩመንት ያልተደረገው ላይ የሚመጣው ዋርኒንግ ይጠፋል፣ ስለዚ ዝም አለ ብላችሁ አትርኩ።

ራስት ላይ ዶክ ሂድን (doc(hidden)፣ ከዶክዩመንቴሽን ገፅ ደብቅ የሚለው ምልክት) ስላደረጋችሁት ተዘጋ ብላችሁም አታስቡ። ከገፁ ላይ ጠፋ እንጂ ፐብሊክ ነው፣ ስሙን ያወቀ ይጠራዋል። በእውነት መዘጋት ካለበት ፐብ ክሬት (pub(crate)፣ ላይብረሪው ውስጥ ብቻ የሚታይ) አድርጉት፣ ያውም ከሪሊዝ በፊት፣ ሰው መጠቀም ከጀመረ በኋላ ፐብሊክ የነበረውን መዝጋት ሜጀር ቨርዥን መቀየር ነው። ጎ በሚባለው ቋንቋ የምትሰሩ ደግሞ ስሙ በትልቅ ፊደል ከጀመረ ለውጪ ወጥቷል፣ ለራሳችሁ ፕሮጀክት ብቻ የሆነውን ፓኬጅ ኢንተርናል (internal) የሚባል ፎልደር ውስጥ ክተቱት።

የመጨረሻው ዋርኒንግ ማለፍ ነው። የፐብሊክ ነገር ማብራሪያ ውስጥ ወደ ፕራይቬት ነገር ሊንክ ከሰራችሁ ራስትዶክ (ከካርጎ ዶክ ጀርባ ገፁን የሚያወጣው) በዋርኒንግ ይናገራል፣ ብዙ ጊዜ ያ ፕራይቬት የተባለው መከፈት የነበረበት ሆኖ ይገኛል። ሲአይ (CI፣ ኮድ ሲገባ በራሱ የሚፈትሸው ሲስተም) ላይ የራስትዶክ ዋርኒንግ ኤረር እንዲሆን አድርጉትና ሳታዩት ኮዱ ከዋናው ጋር መርጅ አይሁን።