ክኒን ከመግዛት በፊት ዛቢያውን መለካት፦ የወገብና የመገጣጠሚያ ህመም በሐረር ዙሪያ እርሻ

በሐረር ዙሪያ መሬቱ ጠባብና ተዳፋት በመሆኑ ብዙው ቁፋሮ በበሬ ሳይሆን በዶማ፣ በአካፋና በዶንጎራ ይከናወናል። ድንችና ሽንኩርት ሲኮተኮት፣ የባቢሌ ለውዝ ሲነቀል፣ የጫት ማሳ ሲገለበጥ ሠራተኛው ለሰዓታት ጎንበስ ብሎ ይውላል፤ ማታ ወገቡን ይዞ ሲገባም «የሥራ ድካም ነው፣ ያልፋል» ይባላል። በእኔ እምነት ይህ አባባል ብዙ ሰው ጎድቷል፤ ምክንያቱም ህመሙ በአብዛኛው የሚመጣው ከሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን ከሥራው አያያዝ ነው፤ አያያዙ ደግሞ ሊስተካከል ይችላል።

መጀመሪያ መታየት ያለበት መሣሪያው ነው። በአወዳይ አቅጣጫ ባለ አንድ ማሳ ላይ ያየሁት ዶማ ዛቢያው ከመሃል ተሰብሮ፣ የቀረው ጉማጅ ተጠርቦ እንደገና ተሰክቶ ነበር፤ ባለቤቱ በእሱ ሲቆፍር ግንባሩ ከጉልበቱ ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ለአረምና ለኩትኳቶ የሚሆን መሣሪያ፣ ሰውየው ቀጥ ብሎ ቆሞ ብረቱን መሬት ሲያስነካው የዛቢያው ጫፍ ቢያንስ ደረቱ ዘንድ ሊደርስ ይገባል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ሠራተኞችን በአጭር እጀታ መኮትኮቻ ማሠራት እ.ኤ.አ. በ1975 የተከለከለው፣ ወገብን ለዘለቄታው እንደሚጎዳ ሐኪሞች ስለመሰከሩ ነበር። ጠንካራ መሬት የሚሰብረው ከባድ ዶማ ግን አጠር ማለቱ ግድ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ መፍትሔው ስለቱን መሳልና ሰው ማፈራረቅ ነው። የደነዘ ብረት የጎደለውን ስለት ከትከሻና ከእጅ አንጓ ጉልበት ይወስዳልና።

በደቦ፣ በሐረርጌ አጠራር በጉዛ፣ ሲሠራ ማፈራረቁ ቀላል ነው፤ የቆፈረው ወደ ጓል መሰብሰብ፣ የሰበሰበው ወደ መቆፈር ይሻገራል። በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ያህል ቀና ብሎ መቆም፣ ሁለቱን እጆች ወገብ ላይ አድርጎ አራት አምስት ጊዜ በቀስታ ወደኋላ መለጠጥ፣ ትንሽም መራመድ ይጠቅማል። ለውዝ ከሥሩ የሚለቅሙ ሴቶች ቁጢጥ ብለው ከሚውሉ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ክምሩን ከመሬት ከፍ ባለ ነገር ላይ ቢያደርጉት ጉልበታቸው ይድናል።

ሸክምን በሚመለከት የሚታወቅ መለኪያ አለ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም አቀማመጡ ምቹ በሆነበት ሁኔታ እንኳን እንዲነሳ የሚመክረው ክብደት ከ23 ኪሎ አይበልጥም፤ ይህም ውሃ ከሞላው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እምብዛም አይርቅም። ስለዚህ 100 ኪሎ የሚይዝ ኩንታል በአንድ ሰው ጀርባ ላይ መጫኑ ጀግንነት ሊባል አይገባውም። ምርቱን ገና ማሳ ላይ ሳለ በትንንሽ ጆንያ መክፈል፣ አህያ ሲጫን ሁለት ሆኖ ማንሳት፣ ሲያነሱም ጉልበትን አጥፎ ሸክሙን ከሆድ ማስጠጋትና ወገብን አለመጠምዘዝ ያስፈልጋል።

ህመሙ ከጀመረ በኋላ ሙሉ በሙሉ መተኛት አይመከርም፤ ከባዱን ሥራ ትቶ በቀስታ መንቀሳቀስ ይሻላል። ሙቅ ውሃ የነካ ጨርቅ የተጨበጠ ጡንቻን ያፍታታል። ወጌሻ በእጁ ቢያሸው የሚጎዳ ላይሆን ይችላል፤ አከርካሪን መጠምዘዝና በኃይል መጫን ግን መፈቀድ የለበትም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዳይክሎፌናክ የተባለው የህመም ማስታገሻ ክኒን ነገር ነው። ጫት ረሃብንም ድካምንም ያስረሳል፤ የቃመ ሠራተኛ ሰውነቱ «በቃ» ሲለው ሳይሰማ ይቆፍራል፣ ማታም በባዶ ሆዱ ክኒኑን ይውጣል። ይህ መድኃኒት ጨጓራን ያቆስላል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ውሃ ሳይጠጣ በዋለ ሰው ላይ ደግሞ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ያለ ባለሙያ ምክር ለቀናት መወሰድ የለበትም።

የመገጣጠሚያ ህመም ሁሉ ከሥራ አይመጣም። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የቺኩንጉንያ ወረርሽኝ ደርሶባታል፤ ሁለቱም ቀን በምትናከስ ትንኝ የሚተላለፉ፣ ትኩሳትና ብርቱ ቁርጥማት የሚያመጡ በሽታዎች ናቸው። ዴንጊ የመድማት አደጋ ስላለው፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ሳይመረመር ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን መውሰድ የለበትም። ያልፈላ የግመል ወይም የፍየል ወተት የሚጠጣ ሰው፣ ወገቡን እያመመው ትኩሳቱ ከተመላለሰ፣ ከእንስሳት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ የተባለ በሽታ ሊሆን እንደሚችል ለሐኪሙ ይንገር። የጀርባ ህመም ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ሲመጣ የአከርካሪ ቲቢ መመርመር አለበት። እግር ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አልያዝ ካለ፣ በጭኖች መካከል ያለው ቆዳ ስሜት ካጣ ግን ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐረር ወደ ሕይወት ፋና ወይም ድሬዳዋ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።