ዚንክ ኦክሳይድን በኢፒአር እንዴት መመርመር ይቻላል

የዚንክ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም በአብዛኛው የሚወሰነው ክሪስታሉ ውስጥ በገቡ ባዕድ አቶሞችና በጎደሉ ቦታዎች ነው፣ እነሱ ደሞ በጣም ጥቂት ስለሆኑ ኤክስሬይ ብዙ ጊዜ አያገኛቸውም። ጥንድ የሌለው ኤሌክትሮን ካላቸው ግን ኢፒአር (ኤሌክትሮን ፓራማግኔቲክ ሬዞናንስ) ያገኛቸዋል። የሶቪየቱ የፊዚክስ ተመራማሪ ዛቮይስኪ በ1944 እ.ኤ.አ. ካዛን ላይ የደረሰበት ዘዴ ነው፣ ናሙናው ላይ ማይክሮዌቭ እየላካችሁ የማግኔቱን ኃይል ቀስ በቀስ ትጨምራላችሁ፣ ልክ ቦታው ላይ ሲደርስ ኤሌክትሮኑ ማይክሮዌቩን ይውጠዋል፣ በቃ።

መጀመሪያ ዱቄቱን ኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ጨምሩ። ተራ ብርጭቆ አትጠቀሙ፣ ውስጡ ያለው ብረት ጂ (ምልክቱ የት እንደሚወጣ የሚነግር ቁጥር፣ አሰላሉ ከታች አለ) 4.3 ላይ የራሱን ምልክት ያወጣል። ባዶውን ቱቦ ቀድማችሁ ለኩት፣ ይሄን እባካችሁ አትዝለሉት። ናሙናው በጣም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ከሆነ ማሽኑ አልስተካከል ይላል፣ እንደዛ ሲሆን ትንሽ ብቻ ወስዳችሁ ከንፁህ ሲሊካ ዱቄት ጋር ቀላቅሉት።

ከዛ ፓወሩን ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ፓወሩን 4 እጥፍ ስታደርጉት ምልክቱ 2 እጥፍ ማደግ አለበት፣ ካላደገ ሳቹሬት አድርጓል፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቹ ከዚህ በላይ መዋጥ አቅቷቸዋል፣ መልሳችሁ ቀንሱ። ሞዱሌሽኑም (ማግኔቱ ላይ የሚጨመረው ትንሽ ንዝረት) ከመስመሩ (ግራፉ ላይ ከሚወጣው ምልክት) ስፋት አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ፣ ከበለጠ መስመሩ ያለ ባህሪው ይሰፋና የምታነቡት ነገር የናሙናው አይሆንም። በፈሳሽ ናይትሮጅን 77 ኬልቪን ላይ ብትለኩ ምልክቱ በጣም ይጠራል።

ቀጥሎ ጂ ፋክተሩን አስሉ፣ 71.4477ን በማይክሮዌቩ ፍሪኩዌንሲ (በጊጋኸርዝ) ታባዙና መስመሩ በወጣበት የማግኔት ኃይል (በሚሊቴስላ) ታካፍላላችሁ። ለምሳሌ በ9.5 ጊጋኸርዝ 346.5 ሚሊቴስላ ላይ መስመር ካያችሁ 1.959 ይመጣል። ማግኔቱ ትክክል መሆኑን ዲፒፒኤች በሚባለው መለኪያ ዱቄት አረጋግጡ፣ የሱ ጂ 2.0036 ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ይቺን 1.96 አካባቢ ያለችውን መስመር ብዙ ሰው አይቶ ወዲያው "የኦክስጅን ጉድለት" (ኦክስጅን የጎደለበት ቦታ) ብሎ ይጽፋል፣ እኔ በዚህ በፍፁም አልስማማም፣ ምክንያቱም መስመሯ የምትመጣው እንደ ሃይድሮጅን፣ አሉሚኒየም፣ ጋሊየም ካሉ ኤሌክትሮናቸውን በቀላሉ ከሚለቁ ዶነሮች ነው። ቻርጅ የሌለው የኦክስጅን ጉድለት ሁለቱ ኤሌክትሮኖቹ ተጣምረው ስለሚቀመጡ ኢፒአር ላይ ጭራሽ አይታይም፣ ብርሃን አብርታችሁበት አንዱን ኤሌክትሮን ሲያጣ ነው ጂ 1.995 አካባቢ ብቅ የሚለው። ስለዚህ በጨለማም በብርሃንም ለኩና አወዳድሩ።

ከ7 እስከ 8 ሚሊቴስላ እየተራራቁ የተደረደሩ 6 መስመሮች ካያችሁ ደሞ ማንጋኒዝ ነው፣ የኒውክሊየሱ ስፒን (የማግኔትነት ባህሪውን የሚገልጽ ቁጥር) 5/2 ስለሆነ መስመሩን ለ6 ይከፍለዋል፣ እናንተ ባትጨምሩትም ከጥሬ እቃው ጋር ሊገባ ይችላል።

ብዛቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ምልክቱን ሁለት ጊዜ ኢንቴግሬት አድርጉና ጥንድ የሌላቸው ኤሌክትሮኖች ብዛት ከሚታወቅለት ናሙና ጋር አነፃፅሩ፣ ሁለቱም በአንድ ቱቦ፣ በአንድ ከፍታ፣ በአንድ ሙቀትና ፓወር መለካት አለባቸው።