ልቦለድም ታሪክም ለሚጽፍ ደራሲ ድረ ገጽ እንዴት ይሠራል?

ልቦለድ ፈልጎ የሚመጣ አንባቢ «ልብ አንጠልጣይ ነው ወይ?» እያለ ይመጣል። የታሪክ፣ የጤና ወይም የንግድ መጽሐፍ የሚፈልገው ደግሞ «ይህ ሰው የሚጽፈውን በደንብ ያውቀዋል ወይ?» ይላል። የእኔ ድረ ገጽ ሁለቱንም ለማስተናገድ የበቃው ሁለት ጊዜ አፍርሼ ከሠራሁት በኋላ ነው።

1. አንድ ወይስ ሁለት?

መጀመሪያ ለያይቼ ነበር የሠራኋቸው፤ አንዱን ለልቦለዶቼ፣ ሌላውን ለታሪክ መጻሕፍቴ። ሁለት ዶሜይን (የድረ ገጹ አድራሻ)፣ ሁለት ሆስቲንግ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ)፣ የሁሉም ነገር እድሳት እጥፍ። ዓመት ሳይሞላ አንደኛው ወና ሆነ። በአንድ ስም የሚጽፉ ከሆነ አንድ ድረ ገጽ ይበቃዎታል። መለየት የሚያስፈልገው በብዕር ስም ሲጽፉና ሁለቱ ስሞች እንዲገናኙ ካልፈለጉ፣ ወይም አንዱ ሥራ ለልጆች ሌላው ለአዋቂዎች ሲሆን ነው።

2. ዶሜይኑ

በመጽሐፉ ርዕስ ሳይሆን በራስዎ ስም ይግዙት፤ ሁለተኛው መጽሐፍ ሲወጣ የመጀመሪያው ርዕስ አያገለግልዎትም። ሥራውን ለባለሙያ ቢሰጡ እንኳ ምዝገባው በእርስዎ ስምና ኢሜይል ይሁን። የእኔን የመጀመሪያ ዶሜይን የሠራልኝ ሰው በራሱ አካውንት አስመዝግቦት ስለነበር፣ ሥራ ስናቋርጥ ስሜን ይዞት ቀረ። አዲስ መግዛት ግድ ሆነብኝ። ዶሜይኑ በየጊዜው በራሱ እንዲታደስም ያድርጉ።

3. መሥሪያው

ዊክስና ስኩዌርስፔስ የሚባሉት ዝግጁ የድረ ገጽ መሥሪያዎች ለጀማሪ ቀላል ናቸው፤ ጓዝዎን ጠቅልለው ልውጣ ሲሉ ግን ያስቸግራሉ። እኔ የምመርጠው በራስ ሆስቲንግ ላይ የሚጫነውን ዎርድፕረስ ነው። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ጽሑፎችዎንም አውጥተው ሌላ ቦታ መጫን ይችላሉ። በየጊዜው ማዘመን ግን ይፈልጋል። ፕለጊን (ተጨማሪ ሥራ የሚሠራ ተቀጽላ ፕሮግራም) አያብዙ። እንቅስቃሴና ብልጭልጭ የበዛበት ዲዛይን ለደራሲ አይሆንም፤ ሰው የመጣው ሊያነብ ነው።

4. ሁለቱን በሮች መለየት

ከባዱ ሥራ ይህ ነው። መነሻ ገጹ ላይ ስምዎ፣ ምን እንደሚጽፉ የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገርና እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት በሮች ይኑሩ። ለበሮቹ የሚሰጡትን ስም ያስቡበት። እኔ ሜኑው ላይ «ታሪኮች» ብዬ ጽፌ ነበር። በቋንቋችን ታሪክ ሁለቱንም ማለት ነው፤ የሆነውንም፣ ለወግ የተፈጠረውንም። «ኢ-ልቦለድ» የሚለውም አይረዳም፤ ማንም ሰው ኢ-ልቦለድ ላንብብ ብሎ አይነሳም፤ የሚፈልገው ጉዳዩን ነው። ስለዚህ አንዱን «ልቦለዶች»፣ ሌላውን በጉዳዩ ስም «የታሪክ ጥናቶች» ወይም «ስለ ልጅ አስተዳደግ» ይበሉት።

በሮቹን ካሳመርኩ በኋላ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው እንግዳዬ በመነሻ ገጹ አይገባም፤ ጎግል ላይ ፈልጎ ወይም ጓደኛው የላከለትን ሊንክ ተከትሎ መሐል ገጽ ላይ ያርፋል። ከልቦለዴ አንድ ምዕራፍ ቀንጭቤ ለጥፌ ነበር፤ አንድ ወታደር ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ራስጌው ላይ ቀንና ዓመት አለው፤ «ይህን ወረቀት የገዛሁት ጫማዬን ሸጬ ነው» ብሎ ይጀምራል። ገጹ ላይ ከደብዳቤውና ከእኔ ስም በቀር ምንም አልነበረም።

አንድ ቀን ከአንድ ተማሪ ኢሜይል ደረሰኝ። «ደብዳቤው የሚገኝበትን ቤተ መዛግብት ይንገሩኝ፤ ለመመረቂያ ጽሑፌ በማስረጃነት ተጠቅሜበታለሁ» ይላል። ደብዳቤውን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ያመነኝ የታሪክ መጻሕፍቴን ስላነበበ ነው። ያኔውኑ እውነቱን ጻፍኩለት፤ ከጽሑፉም አወጣው። ሳይጠይቅ ያለፈ ሌላ ስንት ሰው እንዳለ ግን እስካሁን ያሳስበኛል።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ገጽ ማንነቱን ራሱ እንዲናገር አደረግሁ። ከርዕሱ በላይ «ከልቦለድ የተቀነጨበ» የሚል መስመር ከመጽሐፉ ስም ጋር ይኖራል፤ ይኸው ግርጌውም ላይ ይደገማል። ሊንኩ በቴሌግራም ሲላክና በፍለጋ ውጤት ላይ የሚታየው የገጹ ታይትልም «ልቦለድ» የሚለውን ቃል ይይዛል። አድራሻውም እንዲሁ፤ ልቦለዶቹ በአንድ ፎልደር፣ ጥናቶቹ በሌላ ፎልደር ሥር ናቸው። በቀለም ብቻ ልለይ አይበሉ፤ ቀለም መለየት የሚቸግረው አንባቢ አለ፣ ጽሑፉ ተቀድቶ ሲሄድም ቀለሙ እዚያው ይቀራል።

ታሪክ ላይ የተመሠረተ ልቦለድ ካለዎት «እውነቱና ፈጠራው» የሚል አጭር ገጽ ይጨምሩ። የትኛው ሰው በእውን እንደነበረ፣ የትኛውን እርስዎ እንደፈጠሩት ይጻፉበት። ከልቦለዱ ወደ ጥናትዎ አንባቢ የሚሻገረው በዚህ ድልድይ ነው።

5. የመጽሐፍ ገጾች

ለሁሉም፦ ሽፋን፣ ጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ ቅንጭብ፣ መግዣ ሊንክ። ለልቦለድ ተከታታይ ከሆነ የንባቡን ቅደም ተከተል ይጨምሩ። ለጥናት መጽሐፍ ማውጫውን፣ ዋቢዎቹንና የእርምት ገጽ ያስገቡ። የእርምት ገጽ ያሳፍራል ብለው አይተዉት፤ ስሕተቱን ራሱ ያረመ ጸሐፊ ይበልጥ ይታመናል።

6. ስለ ደራሲው

የሕይወት ታሪክዎን በአጭርና በረጅም ያዘጋጁ፤ ጋዜጠኛ እንዲቀዳው «እሱ» ወይም «እሷ» በሚል አጻጻፍ ይሁን። ለኅትመት የሚሆን ባለ 300 ዲፒአይ (በኢንች 300 ነጥብ) ፎቶ በሚወርድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ገጹ ላይ የሚታየው ግን የተጨመቀው ይሁን።

7. የኢሜይል ዝርዝር

የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽዎ በሰው ቤት ያለ ነው፤ የአንባቢዎችዎ ኢሜይል ግን እርስዎ ዘንድ ይቆያል። የመመዝገቢያ ቅጹ አንድ ሆኖ ሁለት ምርጫ ይኑረው፦ የልቦለድ ዜና፣ የጥናት ዜና። ከመጀመሪያው ቀን ይለዩት፤ በኋላ ልለይ ቢሉ ማን ምን ፈልጎ እንደተመዘገበ ማወቂያ የለም። በየመልእክቱ ግርጌ መሰረዣ ሊንክ አይጉደል።

8. ንባቡ

ፊደሉ ከ16 ፒክስል አይነስ፤ የመስመሮቹ ርቀት የፊደሉ መጠን 1.5 እጥፍ አካባቢ ይሁን። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመደበኛ መጠን በተጻፈ ጽሑፍና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ 1 የድምቀት ንፅፅር ይጠይቃል፤ ነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ የሚወዱ ዲዛይነሮችን በዚህ ይሞግቷቸው። ኤችቲቲፒኤስም (ድረ ገጹና አንባቢው የሚለዋወጡትን መረጃ የሚመሰጥረውን ግንኙነት) ያብሩ፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው አገልግሎት ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት በነጻ ይሰጣል።

እንደኔ አሮጌ ድረ ገጽ የሚያዋህዱ ከሆነ አሮጌውን ከማጥፋትዎ በፊት እያንዳንዱን አድራሻ በ301 (በቋሚ የአድራሻ ማዞሪያ) ወደ አዲሱ ያዙሩት። ያለዚያ ሰዎች ያጋሯቸው ሊንኮች በሙሉ ባዶ ይሆናሉ።

ይፋ ከማድረግዎ በፊት ሥራዎን ለማያውቅ ሰው ስልክዎን ይስጡት፤ መነሻ ገጹን ሳይሆን አንድ የመሐል ገጽ ከፍተው። «ይህ የሆነ ነው ወይስ የተፈጠረ?» ብለው ይጠይቁት። ለመመለስ ጣቱ ወደ ታች መንሸራተት ከጀመረ፣ ከርዕሱ በላይ ያለውን መስመር ያጉሉት።